አልነሳ ካለ ኮምፒዩተር ሰነዶችን ማትረፍ የሚቻልባቸው መንገዶች

በመንግስት መስሪያ ቤቶች የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ የሪፖርት ዝግጅት ስራ ይበዛል። በዚህ ወቅት አንድ ኮምፒዩተር አልነሳ ቢል የወራት ልፋት በአንድ ጊዜ የጠፋ መስሎ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚሰነዘረው ሃሳብም «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ይሁንና ከብልሽቱ ይልቅ ሰነዶችን ለጥፋት የሚዳርገው ይኸው በችኮላ የሚወሰድ እርምጃ ሊሆን እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል።

ኮምፒዩተሩን የሚያስነሳው እንደ ዊንዶውስ ያለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም እና ሰራተኛው ያዘጋጃቸው ሰነዶች በአንድ ዲስክ ላይ ቢቀመጡም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ሲበላሽ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ይችላል፤ ደብዳቤዎች፣ ሪፖርቶችና ፎቶግራፎች ግን በነበሩበት ሊቆዩ ይችላሉ።

ለዚህም ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም የተከሰተው ችግር ማሳያ ነው። በዕለቱ ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒዩተር ደህንነት ኩባንያ ያሰራጨው እንከን ያለበት ማሻሻያ በተለያዩ አገሮች የአየር መንገዶችን፣ የባንኮችንና የሆስፒታሎችን ስራ አስተጓጉሏል። ማይክሮሶፍት ባወጣው ግምት መሰረት 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የችግሩ ሰለባ ሆነዋል። መፍትሄው ግን ኮምፒዩተሮቹን «ሴፍ ሞድ» በተባለው ውስን የአሰራር ስልት አስነስቶ እንከን ያለበትን ፋይል መሰረዝ ነበር። ፎርማት ማድረግ አላስፈለገም።

በመሆኑም በቅድሚያ የዲስኩን ሁኔታ ማጤን ይገባል። ዲስኩ የመንኳኳት ወይም የመፋቅ ድምጽ የሚያሰማ ከሆነ ኮምፒዩተሩን ወዲያውኑ አጥፍቶ ለባለሙያ ማሳየት ተገቢ ነው። ደጋግሞ ለማስነሳት መሞከር ጉዳቱን ያባብሳል።

እንዲህ ያለ ምልክት ከሌለ ሴፍ ሞድን መሞከር ይቻላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 በተከታታይ መነሳት ሲያቅታቸው አብዛኛውን ጊዜ የጥገና ገጽ ያሳያሉ፤ ወደ ሴፍ ሞድ የሚገባውም ከዚያ ነው። ኮምፒዩተሩ ከተነሳ ከማንኛውም ጥገና በፊት ሰነዶቹን ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይገባል። በዚሁ ገጽ የሚገኘው «ሪሴት» የተባለው ትዕዛዝ ሁሉንም ፋይል የሚያጠፋ አማራጭ ስላለው ሳያነቡ መጫን አደገኛ ነው።

ይህ ካልተሳካ ኡቡንቱ የተባለውን በነጻ የሚገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም በሌላ ኮምፒዩተር በፍላሽ ላይ ማዘጋጀት ሁለተኛው አማራጭ ነው። በፍላሹ ላይ የነበረው መረጃ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ መጠቀም ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ከፍላሹ ሲነሳ ኡቡንቱን ዲስኩ ላይ ሳይጭኑ የመሞከር ምርጫን በመውሰድ ሰነዶቹን መቅዳት ይቻላል። ሰነዶቹ በአብዛኛው የሚገኙት «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ በተጠቃሚው ስም ስር ነው። ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር ማያያዝም ሌላው መንገድ ነው።

ዲስኩ «ቢትሎከር» በተባለው የመቆለፊያ ዘዴ የተጠበቀ ከሆነ ግን ባለ 48 አሃዝ የማስከፈቻ ቁልፍ ይጠየቃል። ቁልፉ ከሌለ ሰነዶቹ በዲስኩ ላይ ቢኖሩም ማንበብ አይቻልም። ስለዚህ የመስሪያ ቤቱ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍል ቁልፎቹን አስቀድሞ መዝግቦ ደህንነቱ በተጠበቀ ቦታ ሊይዝ ይገባል። የመንግስት ሰነድ የያዘን ኮምፒዩተር ያለ ክፍሉ ዕውቅና ለውጭ ጥገና መስጠትም ምስጢርን ለአደጋ ያጋልጣል።

ዘላቂው መፍትሄ ግን አስቀድሞ ቅጂ መያዝ ነው። በዘርፉ የተለመደው አሰራር አንድን ሰነድ በሶስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ ከሶስቱም አንዱን ከመስሪያ ቤቱ ውጪ በሚገኝ ስፍራ ማኖርን ይመክራል። ይህን አሰራር የሚከተል መስሪያ ቤት አንድ ኮምፒዩተር ቢበላሽበት ስራው ለሰዓታት ይስተጓጎል እንደሆነ እንጂ የዓመት ሪፖርቱን አያጣም።