ውሻና ስሙ

በገጠራችን ለውሻ ስም የሚወጣው ለመጥሪያ ብቻ አይደለም። ጎረቤት እንዲሰማም ነው። በድንበር የተጣላ ሰው ውሻውን «ምን ያመጣል» ይለዋል። ጎረቤቱም የእሱን «ታያለህ» ብሎ ይሰይማል። ሲመሽ አንዱ «ምን ያመጣል፣ ና!» ሲል፣ ሌላው «ታያለህ፣ ና!» ይላል። ውሾቹ ግን አብረው ይጫወታሉ። የጌቶቻቸው ጠብ መች ገባቸው!

እኛ ያረፍንበት ቤት ውሻ «አትንኩኝ» ይባላል። ቀን ቀን ከጥላ ወደ ጥላ እየዞረ ይተኛል። ሌሊት ጅብ ሲጮህ ግን ከበረቱ በር ንቅንቅ አይልም። ማታ ፊደል ስናስቆጥር ደጃፉ ላይ ይጋደማል። «ሀ» ስንል አፉን ከፍቶ ያዛጋል። የቤቱ እመቤት «እሱማ ‹ሀ›ን ከእኔ አስቀድሞ ያዘ» እያሉ ይስቃሉ።

ይህን የመሰለ ወዳጅ ሊያብድ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅ ይተላለፋል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ ይጠበው። ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሥር ሲማስ፣ ቅጠል ሲበጠስ ቀን አይለፍበት። በሽታው አንዴ ሰውየው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በጊዜ የተከተበ ግን ይድናል። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የተነከሰ ልጅ በክትባት ያተረፈው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1885 ነው።

ውሻውም በየዓመቱ ይከተባል። «አትንኩኝ»ን በገመድ አስረን ወሰድነው። የከብት ሐኪሙ መርፌውን ይዞ ቀረበና፣

«ስሙ ማነው?» አለን።

«አትንኩኝ!» አልነው።

ሐኪሙ እጁን ሰበሰበ።