ማኅሌት ሲቀዳ የሚቆረጠው

የደብረ ታቦር ስም በዜማ ሊቃውንት ዘንድ ተክሌ አቋቋም ከሚባለው የማኅሌት ስልት ጋር አብሮ ይነሣል። ትውፊቱ ስልቱን የጀመሩት አለቃ ገብረ ሐና፣ ያስፋፉት ደግሞ ልጃቸው ተክሌ ናቸው ይላል። በዚያው በደቡብ ጎንደር የጋይንቷ ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬና መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው። ይህን ያህል ሀብት ያለው አገር ዜማ በካሴትና በሲዲ ሲወጣ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመዘነው በመሪው ድምፅ ማማር ብቻ ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ቅጂው ከየት እንደ ጀመረ ነው። አንድ ዜማ መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮም ጸናጽልም የለም። ቀጥሎ በዝማሜ ይደገማል፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን እያንቀሳቀሱ ይዘምማሉ። በመረግድ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፤ በጽፋት ይፈጥናል፣ ጭብጨባም ይታከላል። አድማጩ ቃሉንና ዜማውን በዝግታው ስለሚለምድ፣ ፍጥነቱ ሲመጣ የሚያውቀው ዜማ ሲያድግ ይሰማል። ቁሙንና ዝማሜውን «ይንዛዛል» ብሎ ቆርጦ ሞቅ ያለውን ብቻ የሚያወጣ አዘጋጅ ይህን ያጠፋል። «ማኅሌት ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» የሚለው ቅሬታም አብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው፤ ዜማዎቹ የሚለያዩበት ክፍል ተጥሎ የሚመሳሰሉበት ብቻ ከተሰማ ሌላ ምን ይባላል?

ጸሎት አይገመገምም የሚል ይኖራል። ነገር ግን ለማስመስከር ቤተልሔም የሚወርድ ተማሪ ዜማው ተሰምቶ ይታረማል እንጂ ጸሎት ነው ተብሎ አይታለፍም። የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ ተክሌ አቋቋም ከጎንደሩ ጎልቶ የሚለየው በእንቅስቃሴው ከሆነ ድምፅ ብቻውን ምን ይጠቅማል? የመቋሚያ ውዝዋዜ በእርግጥ አይሰማም። ሆኖም እንቅስቃሴው፣ ጸናጽሉና ከበሮው በአንድ ምት ስለሚሄዱ የአቋቋሙ ቤት ልዩነት በከፊል ጆሮ ይደርሳል፤ የቀረውን ምስል ይሙላው። ድምፅን በጥንቃቄ ማቅረብ እንደሚቻል የሙዚቃ ተመራማሪዎቹ ኬይ ካፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያወጡት የዜማ ስብስብ ያሳያል፤ ቅጂውን ከዜማ ምልክቱ ጋር አጣምሮ ይሰጣል። በኢትዮጲክስ ተከታታይ የሙዚቃ አልበሞች የወጡትን የዓለሙ አጋን በገናና የእማሆይ ጽጌ ማርያምን ፒያኖ የሚያደንቅ አድማጭ ይህንንም ሊፈልገው ይገባል።

ማኅሌት የምትቀዱ ሆይ፣ ደብሩን፣ በዓሉን፣ የአቋቋሙን ቤትና የመሪውን ስም በሽፋኑ ላይ ጻፉ፤ ቁሙንም አትቁረጡ።