ጎማ አይደርቅም

ቡሬ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ አንድ ካርቶን አወረድን። ውስጡ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የጎማ ቱቦ፣ የጎማ ውታፎችና የጠብታ ማንሻ ጫፎች ነበሩ። ቱቦውን ልዘረጋው ስል እንደ ደረቅ አገዳ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ስብራቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት፤ ዙሪያውን ግራጫ ቅርፊት ይዟል፣ መሃሉ ግን ገና ቡናማ ነው፣ በጥፍር ሲጫኑት ይሰጣል።

«ደርቆ እኮ ነው፣ መምህር» አለኝ ቴክኒሻኑ። «ቅቤ ቢያገኝ ይለሰልስ ነበር።»

ስህተቱ ከቃሉ ይጀምራል። «ደረቀ» ካልን የጎደለው እርጥበት ወይም ቅባት ነው ማለታችን ነው፤ ስለዚህ የምንቀባው እንፈልጋለን። ገበሬ ቤት ያደገ ሰው ደግሞ ይህን በዓይኑ አይቷል። ሞፈሩን ከቀንበር የሚያስረው ምራን ሲገር ሞራ ወይም ቅቤ ይቀባል፣ በእጅ ይታሻል፣ ይለሰልሳል። ቆዳ የተሠራው እርስ በርሳቸው ከሚንሸራተቱ ቃጫዎች ነው፤ ቅባቱ በመካከላቸው ገብቶ ያላላቸዋል። በቆዳ ላይ ቅቤው ትክክል ነው።

ጎማ ግን ሌላ ነገር ነው። ከዛፍ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ የረጃጅም ሞለኪውሎች ክምችት ነው። ብቻውን ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ሲበርድ ይገራል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ከድኝ ጋር ሲያሞቀው ጠባዩ እንደሚለወጥ አየ፣ በ1844 የፈጠራ መብት አገኘበት። ድኙ በሞለኪውሎቹ መካከል ድልድይ ይሠራል። ድልድዮቹ ጥቂት ሲሆኑ ጎማው ተስቦ ይመለሳል። ችግሩ ሥራው ፋብሪካ ውስጥ አለማለቁ ነው፤ በዓመታት ውስጥ የአየሩ ኦክስጅንና የተረፈው ድኝ አዳዲስ ድልድይ እየጨመሩ ሞለኪውሎቹን ይበልጥ ያስሯቸዋል። እንግዲህ ያ ቱቦ የገረረው ጎድሎበት አይደለም፣ በዝቶበት ነው። ድርቆሽ ወጥ ሲነካው ይርሳል፤ የተጋገረ ዳቦ ግን ምን ቢያርሱት ሊጥ አይሆንም። ያረጀ ጎማ ከዳቦው ወገን ነው።

ታዲያ ቅቤ ሲቀባ ለምን የለሰለሰ ይመስላል? የተፈጥሮ ጎማ ቅባት ስለሚጠጣ ነው። ይጠጣና ያብጣል፣ ጥንካሬውን ያጣል፣ ከሳምንታት በኋላ እጅ ላይ የሚጣበቅ ነገር ይሆናል። ቅቤም፣ የኑግ ዘይትም፣ ቫዝሊንም፣ ግሪስም እዚህ ላይ ልዩነት የላቸውም። ከላቴክስ በተሠራ ጓንት ወይም ኮንዶም ዘይትና ቫዝሊን አትጠቀሙ የሚባለው በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማን የማይጎዳው ማለስለሻ ግሊሰሪን ነው፤ እሱም የሚያገለግለው የመስታወት ቱቦን በውታፍ ቀዳዳ ለማሳለፍ እንጂ ያረጀውን ለማደስ አይደለም።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፦ ቴክኒሻኑ አውራ ጣቱ ሥር ያለ ጠባሳ አሳየኝ። የገረረ ውታፍ በቅቤ አሽቶ፣ ለሰለሰልኝ ብሎ፣ የመስታወት ቱቦ በግድ ሲያስገባ ተሰብሮ መዳፉን ወጋው። በላቦራቶሪ ከሚደርሱት የተለመዱ አደጋዎች አንዱ ይኸው ነው። ውታፉ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ እንቢ ካለ አይጎተትም፤ በምላጭ በቁመቱ ተሰንጥቆ ይጣላል። ውታፍ ይገዛል፣ መዳፍ ግን አይገዛም።

«ቀቅለው» የሚሉም አሉ፣ እነሱ ግማሽ እውነት ይዘዋል። የተፈጥሮ ጎማ ብርድ ቦታ ለወራት ከተቀመጠ ሳያረጅም ሊገር ይችላል፤ ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ተደርድረው እንደ ቅቤ ይረጋሉ። ይህ ዓይነቱ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይፈታል። ማፍላትም አያስፈልግም፤ በዚያው በቡሬ አቅራቢያ ያለችው የፍኖተ ሰላም ከተማ ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃው ራሱ 94 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ለዚህ ሥራ ግን 60 ዲግሪም በቂ ነው። መለያው ቀላል ነው፦ ከውሃው ወጥቶ ከቀዘቀዘ በኋላም ለስላሳ ከሆነ ረግቶ ነበር፤ መልሶ ከገረረ አርጅቷል።

ቤንዚንና ነጭ ጋዝ ከቅቤም ይብሳሉ። ጎማውን ያሳብጡታል፣ ሲተኑ ደግሞ ከእርጅና እንዲጠብቀው በፋብሪካ የተጨመረበትን ነገር አጥበው ይወስዳሉ። እሳቱን ሳንቆጥር ነው።

የማተሚያ ማሽን ጠጋኞች የሚያውቁት አንድ መድኃኒት አለ፤ እንደ ጡንቻ ማሻ ቅባት የሚሸተው ሜቲል ሳሊሲሌት ነው፣ በአልኮል አቅጥነው ወረቀት የሚስበውን ጎማ ያሹበታል። እውነት ነው፣ ይሠራል፦ ጎማው ውስጥ ሰርጎ ያሳብጠዋል፣ ወረቀት መያዝ ይጀምራል። ፈሳሹ ሲተን ግን ጎማው ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከዚህ ዘይት አንድ የሻይ ማንኪያ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ስለሚችል ትምህርት ቤት ውስጥ ባይገባ እመርጣለሁ።

በእኔ ግምት ብዙ ንብረት የሚያስጨርሰው ግን ሌላ እምነት ነው፤ «ያልተነካ እቃ አያረጅም» የሚለው። ካርቶኑ ሳይከፈት ዓመታት ቢቆጥርም ከላዩ ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ነው፣ የመጋቢት ፀሐይ ከቀትር በኋላ ምን እንደሚያደርገው እናውቃለን። ስለ ጎማ ዕቃዎች ክምችት የሚናገረው 2230 ቁጥር ዓለም አቀፍ ደረጃ ለተፈጥሮ ጎማ የሚሰጠው 5 ዓመት ነው፣ ተመርምሮ ደህና ከሆነ 2 ዓመት ይጨመርለታል፤ ያውም ከ25 ዲግሪ በታች፣ ከብርሃን ተጋርዶ ሲቀመጥ። አየር ውስጥ ያለው ኦዞን ደግሞ የተወጠረ ጎማን ይመርጣል። ጠበቅ ተደርጎ የተጠቀለለ ወይም መስታወት ላይ እንደተሰካ የተተወ ቱቦ መታጠፊያው ላይ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው። ስለዚህ ከመስታወቱ ይውጣ፣ ላላ ብሎ ይጠቅለል፣ ታልክ ዱቄት ይነስነስበት፣ ከታችኛው መደርደሪያ በጥቁር ፌስታል ይቀመጥ። ከመዳብ ጋር አይነካካ፤ መዳብ የጎማን እርጅና ያፋጥናል።

እዚህ ላይ ጎሚስታ ጋ ጎራ ማለት ይጠቅማል። ዓመታት መሬት ላይ የተጣለ የመኪና ካላማዳሪ አሁንም ይለጠጣል። ቅቤ የቀባው የለም። አብዛኛው የሚሠራው ኦክስጅንና ኦዞን የሚይዙት ቦታ የለውም ለማለት ከሚቻል ቡቲል ከሚባል ሰው ሠራሽ ጎማ ስለሆነ ነው። በረባሶም ፀሐይን የሚችለው ጎማው ውስጥ ባለው ጥቁር ካርቦን ነው። ለውሃ ሥራ የሚሆን ማሸጊያ ቀለበት ከካላማዳሪ ቆርጦ ማውጣት ይቻላል፤ ለጋዝ ግን አይሆንም። የጋዝ ቱቦ፣ የቤትም ቢሆን፣ ከገረረ አይታደስም፣ ይቀየራል፤ የሚያፈስበትም ቦታ በሳሙና አረፋ ይፈለጋል እንጂ በክብሪት አይደለም።

ጎማ የምንለው ሁሉ ደግሞ ጎማ አይደለም። የሐኪም ማዳመጫው ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ ፒቪሲ ፕላስቲክ ነው፤ እሱ በርግጥም ማለስለሻውን አጥቶ ይገራል፣ የአንገት ላብና ቅባት ያፋጥኑታል።

ከዚያ ካርቶን የዳነው ጥቂት ነው። ጫፋቸው ብቻ የገረረ ሁለት ቱቦዎችን ሦስት ሦስት ሳንቲ ሜትር ቆረጥንላቸው። ውስጣቸው ደህና የሆኑትን ውታፎች ቅርፊታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቅን። ቴክኒሻኑ ከሥር አንድ ጥቁር ዘንግ አውጥቶ «ይኸስ ድንጋይ ሆኗል» ብሎ ከሚጣለው ጋር ሊጨምረው ነበር። ያዝኩት። ኢቦናይት ነው፤ ከመጀመሪያው ብዙ ድኝ ተጨምሮበት እንዲገር የተሠራ ጎማ፣ የፊዚክስ መምህራን ኤሌክትሪክ የሚያሳዩበት። ላዩ ወደ አረንጓዴ አድልቶ ነበር። ብርሃን ሲያገኘው ድኙ ላዩ ላይ ስስ የአሲድ ልባስ ይሆናል፣ ያ ልባስ እርጥበት ይስባል፣ ኤሌክትሪኩም በዚያ ያመልጣል። በተጣራ ቀዝቃዛ ውሃ አጠብነው፣ ጥላ ውስጥ አደረቅነው። ቴክኒሻኑ ከዘበኛው የበግ ለምድ ተውሶ አሸው፣ ጠረጴዛው ላይ የቆራረጥነው ወረቀትም ብድግ ብሎ ተለጠፈበት።