«600 ሲሲ ለጀማሪ ነው»፦ ሲሲ የማይነግረን ጉልበት

«ስንት ሲሲ ነው?» ሞተር ሳይክል በቆመበት ሁሉ የመጀመሪያው ጥያቄ ይኸው ነው። መልሱ ከተሰማ በኋላ ሌላ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። 1000 ከሆነ «አውሬ ነው»፣ 600 ከሆነ «ለመጀመሪያ ጥሩ ነው» ተብሎ ፍርዱ እዚያው ያልቃል። በስፖርት ሞተር ወዳጆች ዘንድ ከሚነገሩት እምነቶች ሁሉ ብዙ ጉዳት ያደረሰው ይህ ይመስለኛል። ክፋቱ ምክሩ ጥንቃቄ መስሎ መምጣቱ ላይ ነው፤ መካሪው ወጣቱን ከ1000 ሲሲ ያዳነው ይመስለዋል፣ ያስያዘው ግን ለውድድር ሜዳ ታስቦ የተሠራ ሞተር ነው።

ሲሲ የሚለካው ፒስተኖቹ ሲመላለሱ የሚጠርጉትን ይዘት ብቻ ነው። የጣሳውን ስፋት ይነግረናል፤ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚቀዳበት ግን አይነግረንም። ጉልበት የሚወጣው ከሁለቱ ተደምሮ ነው። የሮያል ኢንፊልድ ክላሲክ 500ን እና የያማሃ አር6ን እናስተያይ። የመጀመሪያው 499 ሲሲ፣ ሁለተኛው 599 ሲሲ ነው፤ ክብደታቸውም በ190 ኪሎ አካባቢ ይቀራረባል። ሲሲን የሚያምን ሰው በመካከላቸው ትንሽ ልዩነት ይጠብቃል። ኢንፊልዱ ግን 27 የፈረስ ጉልበት ሲኖረው አር6 ወደ 118 አለው፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። ምክንያቱ አሠራራቸው ላይ ነው። የኢንፊልዱ አንድ ትልቅ ፒስተን 90 ሚሊ ሜትር ወጥቶ ስለሚወርድ ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ 5,250 ዙር ላይ ነው። የአር6 አራት ትንንሽ ፒስተኖች የሚሄዱት 42.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነውና እስከ 14,500 ዙር ድረስ ጉልበት ይጨምራሉ። በ883 ሲሲው ሃርሊ ስፖርትስተር ብንለካውም ያው ነው፤ ሃርሊው በይዘት በግማሽ ያህል ይበልጣል፣ በጉልበት ግን የአር6ን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

እምነቱ ጭራሽ ከባዶ የመጣ አይደለም። አሠራራቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ሞተሮችን ብቻ ካወዳደርን ሲሲ ደህና መለኪያ ነው፤ 200 የፈረስ ጉልበት ካለው የያማሃ አር1 አጠገብ ሲቆም አር6 በእርግጥ ታናሽ ነው። ደግሞም 600ው በዝቅተኛ ዙር ገራም ነው። በሰፈር ውስጥ ቀስ ብሎ የነዳው ሰው «ይሄማ ምንም አይል» ብሎ ቢወርድ አልዋሸም። አደጋው ያለው እዚህ ገራምነት ላይ ነው። ዙሩ ከ8 እና 9 ሺህ ሲያልፍ ያ የተኛ የመሰለው ሞተር ይነሣል፤ በአንደኛ ማርሽ ብቻ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ጉልበቱን ከመጀመሪያው የሚያሳይ ሞተር ነጂውን ያስጠነቅቀዋል፤ ይኸኛው ካመነው በኋላ ነው ጠባዩን የሚያሳየው። መሪው ለትንሽ ግፊት ይታዘዛል፣ የፊት ፍሬኑም በሁለት ጣት የኋላውን ጎማ ከመሬት ያነሣል። ለሠለጠነ እጅ እነዚህ ሁሉ በረከት ናቸው፤ ደንግጦ ለሚጨብጥ እጅ ግን ምሕረት የላቸውም።

ነገሩን በቁም ነገር የያዙ ሰዎች በሲሲ ብቻ መመዘን ከተዉ ቆይተዋል። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ኤ2 የተባለው የመካከለኛ ደረጃ መንጃ ፈቃድ ስለ ሲሲ የሚለው ነገር የለም፤ ወሰኑ 35 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 47 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ጉልበቱ ከክብደቱ ጋር ያለው ምጣኔም ተገድቧል። በዚህ ሕግ 883ው ሃርሊ በትንሽ ቅነሳ ለጀማሪ ሊፈቀድ ይችላል፣ 599ኙ አር6 ግን አይታሰብም። የውድድር አዘጋጆቹም እንዲሁ ናቸው። በዓለም ሱፐርስፖርት ሻምፒዮና እ.ኤ.አ. በ2022 ዱካቲ ፓኒጋሌ ቪ2 955 ሲሲውን ይዞ ከአር6 ጋር በአንድ ምድብ መሮጥ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት ያሸነፈው ዶሚኒክ ኤገርተር በያማሃው ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኒኮሎ ቡሌጋ በዱካቲው አሸነፈ።

ስለ ጉዳቱ ማስረጃ የሚጠይቅ ሰው በአሜሪካ የአውራ ጎዳና ደኅንነት የኢንሹራንስ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2007 ያወጣውን አኀዝ ይመልከት። እንደ አር6 ካሉ ከ10 ሺህ የተመዘገቡ ሱፐርስፖርት ሞተሮች በዓመት 22.5 ነጂዎች ሲሞቱ፣ እንደ ሃርሊው ባሉ ክሩዘሮችና በመደበኛ ሞተሮች 5.7 ነበሩ። «ታዲያ ስፖርት ሞተር የሚገዛው ወጣትና ደፋር ነው፣ ጥፋቱ የነጂው እንጂ የሞተሩ አይደለም» የሚል ተቃውሞ ይነሣል። ተቃውሞው ፍሬ አለው፤ ከዚህ ቁጥር ውስጥ ምን ያህሉ የዕድሜ፣ ምን ያህሉ የሞተሩ ድርሻ እንደሆነ ለይቼ መናገር አልችልም። ነገር ግን «600 ለጀማሪ ነው» የሚለው ምክር የሚደርሰው ለማን ነው? ለዚያው ለወጣቱና ለደፋሩ ነው። ሁለቱን አደጋዎች የሚያጋባቸው ምክሩ ራሱ ነው።

«ሞተሩ ከእጅህ በላይ አይሄድም፣ ነዳጁን የምትሰጠው አንተ ነህ» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ጀማሪው ሳይሳሳት ከነዳ። ጀማሪ ማለት ግን የሚሳሳት ማለት ነው። ጉድጓድ ሲያንገጫግጨው ሳያስበው የእጁ አንጓ ይዞራል፤ በ27 የፈረስ ጉልበት ይህ ማስደንገጥ ብቻ ነው፣ ከፍ ባለ ዙር ላይ ባለ አር6 ግን ከመታጠፊያው ውጪ የሚያስወጣ ነው። «እኔ በ600 ጀምሬ ይኸው አለሁ» የሚለው ምስክርነት ደግሞ ትዕግሥቴን ያስጨርሰኛል። በ600 ጀምረው የሞቱት ምስክርነት ሊሰጡ አይመጡም። በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች አዋቂ ሰው የሞተር መንጃ ፈቃድ ባገኘበት ቀን የፈለገውን ሲሲ ገዝቶ ሊወጣ ይችላል፤ በዚያ ለሚኖሩ ወጣቶቻችን ከሻጩና ከመካሪው በቀር የሚያግድ ስለሌለ የምክሩ ክብደት እዚያ ይብሳል።

ሌሎቹን ተረቶች በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። «የሚጮህ ማርሚታ ሕይወት ያድናል» ይባላል፤ ድምፁ ግን በአብዛኛው ወደ ኋላ ነው የሚሄደው፣ ሃሪ ኸርት በሎስ አንጀለስ 900 አደጋዎችን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት ደግሞ አደጋው የሚመጣው በብዛት ከፊት ነው። «ዙር መቁጠሪያው የጻፈው እውነት ነው» ለሚሉ፦ ያማሃ የ2006ቱን አር6 እስከ 17,500 ዙር ይሄዳል ብሎ አስተዋውቆ፣ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ መሆኑን በኋላ ራሱ አምኗል። ውድ ቤንዚን ፋብሪካው ላልጠየቀው ሞተር ጉልበት አይጨምርም። «ልትጋጭ ስትል ሞተሩን አስተኛው» የሚለው ግን ከእነዚህ ይከፋል። አስፋልት ላይ የሚንሸራተት ብረትና ፕላስቲክ እንደ ጎማ አይዝም፤ ስለዚህ የተኛው ሞተር ቆሞ ፍሬን ከያዘው ይልቅ ርቆ ሄዶ ይቆማል። ኸርትም ያገኘው ይህንኑ የሚመስል ነው፦ ነጂዎቹ በድንጋጤ የኋላውን ፍሬን ረግጠው ያንሸራትታሉ፣ ይበልጥ የሚያቆመውን የፊቱን ግን በሚገባ አይጠቀሙበትም።

ለጀማሪ የምትመክሩ ሁሉ፣ እባካችሁ ሲሲውን ትታችሁ የፈረስ ጉልበቱንና ክብደቱን ጠይቁለት፤ ጉልበቱ በስንት ዙር ላይ እንደሚወጣም ጠይቁለት። ካዋሳኪ ኒንጃ 400፣ ያማሃ አር3 እና ኬቲኤም 390 ሁሉም በ40ዎቹ የፈረስ ጉልበት ውስጥ ያሉና ከበቂ በላይ የሚፈጥኑ ናቸው። ፀረ መቆለፊያ ፍሬን ያለው ከተገኘ ደግሞ እሱን ያስቀድም።