የዓይን መድኃኒት በምን ይመዘናል?

«የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት በግሽ ዓባይ ምንጭ አገር ለምንኖር ሰዎች ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይሰማናል። ታላቁ ወንዝ ከሰከላ ምድር ከእግራችን ሥር ፈልቆ ሱዳንንና ግብፅን ሊያጠጣ ይወርዳል፤ በምንጩ አገር የተወለደው ሕፃን ግን ፊቱን የሚታጠብበት ውኃ አጥቶ ዝንብ ዓይኑን ሲወርረው ይታያል። ይህም እንደ ቀላል የሚታለፍ ነገር አይደለም። ትራኮማ የተባለው፣ ባላገሩ የዓይን ማዝ የሚለው በሽታ፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ የሚተላለፍ ነውና።

በሽታው በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ሰው የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል ይጠባሰሳል። ጠባሳው በዕድሜ ብዛት እየተኰማተረ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ያን ጊዜ ለዓይን ጥበቃ የተሰጠው ሽፋሽፍት ተመልሶ የዓይኑን ብሌን ይወጋል። ሰው ዓይኑን በከደነና በገለጠ ቍጥር ፀጉሩ ይፍቀዋል፤ ብሌኑም ቀስ በቀስ እየደፈረሰ ብርሃኑ ይጠፋል። ሕፃናትን አቅፈው የሚያሳድጉት ሴቶች ስለ ሆኑ ከወንዶች ይልቅ የሚጠቁት እነርሱ ናቸው።

እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነት የምዕራብ ጎጃምን ባላገር ቃል ስንመዘግብ የዚህን በሽታ ፍሬ እናየዋለን። ስለ ርስት ወይም ስለ ውርስ ሊመሰክሩ የመጡ ባልቴቶች ነጠላቸውን በግንባራቸው ላይ ጥለው፣ እንባቸውን እየጠረጉ ይቆማሉ። ብዙዎቹም ወረንጦ በአንገታቸው ክር አንጠልጥለው ይዘዋል። ቃላቸው ተጽፎ ካለቀ በኋላ «እማማ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» ቢባሉ መስመሩ አይታያቸውም፤ ስለዚህ ጣታቸው ተይዞ ቀለም ይነካል። ዓይኑ የጠፋ ሰው በሌላው ታማኝነት ላይ የተጣለ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አናውቅም።

እነዚህን እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ቆቡን በቀዶ ጥገና እንዲያስተካክሉ የሚመክራቸው ሰው ሲገኝ፣ ከብዙዎቹ አንድ ዓይነት መልስ ይሰማል። «ልጄ፣ ጎረቤቴም ተቀድዳ ነበር፤ ፀጉሩ ተመልሶ በቀለባት። እኔስ ወረንጦዬ ይበቃኛል» ይላሉ። የተማረው ሰው ይህን ሲሰማ «ባላገር አያውቅም» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን እናቲቱ የተናገሩት ሐሰት አይደለም፤ ከተቀደዱት ሰዎች ከፊሎቹ ፀጉሩ በእርግጥ ተመልሶባቸዋል። ስለዚህ ጥያቄያቸው ተግሣጽ ሳይሆን መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ወረንጦ ይሻላልን፣ ወይስ ቢላዋ? ቢላዋ ከሆነስ አቀዳደዱ እንዴት ቢሆን ይሻላል?

የእንዲህ ያለውን ነገር እውነት ማግኘት ቀላል አይደለም። በጥንት ዘመን በአገራችን ዕቃ ሲሰረቅ ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተውት ራሱን ስቶ ይሮጣል፤ ደርሶ የወደቀበትም ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህ ልማድ ቀርቶ ፍርድ በምስክርና በማስረጃ ሆነ። በሕክምናም ነገር እንዲሁ ነው። «እገሊት በዚህ መድኃኒት ዳነች» የሚለው ወሬ የአንድ ምስክር ቃል ነው፤ ሳትታከምም ትድን እንደ ነበረ፣ ወይም ሌላው ሕክምና የበለጠ ይጠቅማት እንደ ነበረ አያስረዳም። እውነቱ እንዲገለጥ ብዙ ሕመምተኞች በሁለት ወገን ተከፍለው፣ አንደኛው ወገን በአንዱ ሕክምና፣ ሁለተኛው በሌላው ታክመው፣ ከዓመት በኋላ ውጤቱ ጎን ለጎን መታየት አለበት።

ክፍፍሉም በዕጣ ይሆናል። ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ብርቱውን ሕመምተኛ ለወደደው ሕክምና፣ ደካማውን ለሌላው ሊሰጥ ይችላልና። የጎጃም ሰው የዕጣን ጥቅም ከማንም ሊማር አያስፈልገውም። ወንድማማች ርስት ሲካፈል ሽማግሎች መሬቱን ደልድለው ዕጣ ያስጥላሉ፤ ዕጣ ለታላቅም ለታናሽም አያዳላምና።

በዚህ ሥርዓት መሠረት በ2000 ዓ.ም. በአማራ ክልል 1,300 ሰዎች ለአንድ ጥናት ተመዘገቡ። ሁሉም ዓይናቸውን የሚነካው ሽፋሽፍት ከ6 ያነሰ፣ ሕመማቸው ገና ያልከፋ ነበሩ። በዕጣ እኩሌቶቹ በቀዶ ጥገና ታከሙ፤ እኩሌቶቹ ደግሞ መልካም ወረንጦ ተሰጣቸው። ዓይኑ በደኅና የሚያይ አንድ ቤተሰብም ፀጉሩን እንዴት እንደሚነቅል ተማረላቸው። ከዚያም ሐኪሞቹ ሁለት ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው።

ውጤቱ በ2004 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በቀዶ ጥገና ከታከሙት ከመቶው 2.2፣ በወረንጦ ከታከሙት ከመቶው 13.2 የሚሆኑት ሕመማቸው ከፋ። በዚህ በኩል ቢላዋው ረታ። ነገር ግን የማየት ኃይላቸውና የብሌናቸው ጥራት ሲመረመር በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ የእናቲቱ ወረንጦ ፈጽሞ የሚናቅ አልሆነም። ሕመሙ ገና ቀላል ሲሆን፣ ወረንጦው መልካም፣ ነቃዩም ዓይኑ የሚያይና የተማረ ከሆነ፣ ቀዶ ጥገና እስኪገኝ ድረስ ወይም ሰውዬው ቀዶ ጥገናን እንቢ ሲል ዓይንን ሊጠብቅ ይችላል። የደነዘ ወረንጦ ግን ፀጉሩን ቈርጦ ጉቶውን ያስቀራል፤ ጉቶውም እንደ እሾኽ ይወጋል።

በዚያው ዘመን ሌላ 1,300 ሰዎች ሕመማቸው የከፋ ተመርጠው የስፌቱ ክር ተመዘነ። አንዱ ክር ሐር ነው፤ እርሱን ለማስወጣት ሕመምተኛው ተመልሶ መምጣት አለበት። ሁለተኛው በገዛ ራሱ ሟሙቶ የሚጠፋ ነው። የፀጉሩ መመለስ በሁለቱም ዘንድ ተመሳሳይ ሆነ። ይህም ለከተማ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ ለአንድ ክር ሲል የግማሽ ቀን መንገድ በእግሩ ለሚመለስ ባላገር ግን ታላቅ ዜና ነው።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመለከተው ጥናት ከየካቲት እስከ ግንቦት 2006 ዓ.ም. በምዕራብ ጎጃም 1,000 ሕመምተኞች የገቡበት ነው። ይህን ጥናት ከመሩት አንዱ የአገራችን ሰው ዶክተር እስማኤል ሀብታሙ ሲሆኑ፣ ከለንደን የንጽሕናና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ማቲው በርተን አብረዋቸው ሠርተዋል። ጥያቄው ይህ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሁለት ዓይነት አቀዳደድ ፈቅዶ ነበር። በአንደኛው የዓይኑ ቆብ ከውጭ ቆዳው እስከ ውስጡ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይቀደዳል፤ በሁለተኛው የውስጡ ገጽ ብቻ ተቀድዶ ቆቡ ወደ ውጭ ይመለሳል። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል በርግጥ የተፈረደ አልነበረም።

ከ6 ወርና ከ12 ወር በኋላ ሕመምተኞቹ ተመረመሩ። መርማሪውም ማን በየትኛው አቀዳደድ እንደ ታከመ አያውቅም ነበር፤ ለአንዱ ወገን ያዳላ ዘንድ እንዳይችል ነው። ከ1,000ው ሰዎች በሁለቱም ጊዜ ሳይገኙ የቀሩት 8 ብቻ ነበሩ። ገደል ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ በየመንደሩ እየዞረ ሰዎቹን የፈለገው የጤና ሠራተኛ ምስጋና ይገባዋል። ፍርዱም ግልጥ ሆነ፤ ቆባቸው ሙሉ በሙሉ ከተቀደደው ከመቶው 22፣ የውስጡ ገጽ ብቻ ከተቀደደው ከመቶው 13 ሰዎች ፀጉሩ ተመለሰባቸው። በዚህ በደጋችን የተገኘው ማስረጃ በ2008 ዓ.ም. ታትሞ ለዓለም ሐኪሞች ደረሰ።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ዶክሲሳይክሊን የተባለውን መድኃኒት ለ28 ቀን መዋጥ ፀጉሩ እንዳይመለስ ያደርግ እንደ ሆነም በሌሎች 1,000 ሰዎች ላይ ተፈተነ። ጥቅሙ አልታየም። ይህም ከንቱ ድካም አይደለም፤ የማይጠቅመውን ማወቅ ድኻው ገንዘቡን በከንቱ እንዳያወጣ ያደርገዋልና።

እዚህ ላይ አንድ ቅን አንባቢ «በእናቶቻችን ዓይን ላይ ዕጣ መጣል ተገቢ ነውን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ከባድ ስለ ሆነ ልንሸሸው አይገባም። ሐኪሙ የትኛው እንደሚሻል እያወቀ ዕጣ ቢጥል ወንጀል ይሆናል። ሁለቱም የሚሠራባቸው ሆነው የሚሻለው ባልታወቀ ጊዜ ግን፣ ያለ ዕጣ እያንዳንዱ ሐኪም በልማዱ ብቻ ሲሠራ፣ ያነሰውን ሕክምና የሚቀበሉት ሰዎች ለዘለዓለም ሳይታወቁ ይቀራሉ። በተጨማሪም ነገሩ በአማርኛ ተነቦላቸው፣ ገብቷቸው፣ ማንበብ የማይችሉትም በጣታቸው አትመው ፈቅደው ነው የገቡት። በወረንጦ ታክመው ለከፋባቸውም ቀዶ ጥገናው ቀርቦላቸዋል። ወረቀት አንብቦ ማስፈረም ሥራችን የሆነው እኛ የዚህን ክብደት እናውቀዋለን፤ ያልገባው ሰው የጣት ፊርማ ፈቃድ አይባልም።

ስለ ሽፋሽፍቱ ይህን ያህል ከተናገርን፣ ስለ ሌላው ጸጥተኛ የዓይን ጠላት ጥቂት ቃል እንጨምር። በ1998 ዓ.ም. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ምርመራ ለዕውርነት ምክንያት ከሆኑት ውስጥ ከመቶው 49.9 የዓይን ሞራ፣ 11.5 ትራኮማ፣ 5.2 ደግሞ ግላኮማ ሆኖ ተገኘ። የዓይን ሞራ በቀዶ ጥገና ይገፈፋል፤ ትራኮማም እየወጋ ባለቤቱን ያስጠነቅቃል። ግላኮማ ግን ብዙውን ጊዜ አያምም፤ አያቀላም። በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ በርትቶ ወደ አንጎል የሚሄደውን የማየት ጅማት ይገድላል። ሰውዬው በመጀመሪያ ከዳር ከዳር ያለውን ማየት ያቆማል፤ ፊት ለፊት ስለሚያይ ግን ደኅና ይመስለዋል። የጠፋውም ብርሃን በማናቸውም መድኃኒት አይመለስም፤ ሕክምናው የቀረውን ለመጠበቅ ብቻ ነው።

የዚህ በሽታ መድኃኒት ታሪክ ለፍርድ ቤት ሰው እጅግ የሚያስደንቅ ነው። በምዕራብ አፍሪካ በካላባር አገር ተከሳሹን አንድ መርዛም የባቄላ ዘር ያበሉት ነበር፤ ቢተርፍ ንጹሕ፣ ቢሞት ጥፋተኛ ይባል ነበር። ሉድቪግ ላኵዌር የተባለ ሐኪም እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1876 ከዚህ ዘር የወጣውን መድኃኒት ለግላኮማ አዋለው፤ እርሱ ራሱም በዚሁ ሕመም የተያዘ ሰው ነበር። ዳኛ ሆኖ ሰው ይገድል የነበረው ዘር በሚዛን ሲሰፈር ለዓይን መድኃኒት ሆነ።

ዛሬ ለግላኮማ ጠብታ፣ ሌዘር የተባለ የብርሃን ጨረርና ቀዶ ጥገና አሉ። ለእኛ ዓይነቱ አገር የሚስማማው የትኛው ነው የሚለውም እንደ ሽፋሽፍቱ በዕጣ ተመዝኗል። በታንዛንያ፣ በኪሊማንጃሮ ተራራ ሥር በሞሺ ሆስፒታል 201 ሕመምተኞች እኩሌቶቹ በየቀኑ የሚጨመር ቲሞሎል የተባለ ጠብታ፣ እኩሌቶቹ ሌዘር ተሰጣቸው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2021 በታተመው ውጤት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠመረው በሌዘር ከታከሙት ዓይኖች ከመቶው በ61፣ በጠብታው ከታከሙት ከመቶው በ31 ሆነ። ጠብታ በየቀኑ ሳያቋርጡ መግዛትንና መጨመርን ይጠይቃል፤ ሌዘር ግን በአንድ ቀን የሚፈጸም ነው፤ ኃይሉ ከጊዜ በኋላ ቢደክም ሊደገም ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው በየክፍለ ሀገሩ ሆስፒታል እንዲዳረስ መመኘት ቅንጦት አይደለም።

እንግዲህ ለየቤተሰቡ የምንመክረው ይህ ነው። የሕፃናት ፊት በየቀኑ በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ አንድ ጣሳ ውኃ ለብዙ ፊት ይበቃል። እናታችሁ ወረንጦ ከያዙ ወረንጦው ስል መሆኑን ተመልክታችሁ፣ ነቃዩም ዓይኑ የሚያይ ይሁን፤ ፀጉሩም እየበዛ ከሄደ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው። ዕድሜያችሁ ከ40 ያለፈ፣ ይልቁንም ወላጃችሁ ወይም ወንድም እኅታችሁ በግላኮማ የተያዘባችሁ፣ ሳያማችሁ የዓይናችሁን ግፊት አስለኩ። ስቴሮይድ ያለበትን ጠብታ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝታችሁ አትጨምሩ፤ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ዓይን ሊያጠፋ ይችላልና። ጠበል የሚጠመቅም ሰው የታዘዘለትን ጠብታ አያቋርጥ፤ አንዱ ሌላውን የሚከለክል አይደለም።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሽፋሽፍቱን የሚደብቀው በሽተኛው ነው፤ ግላኮማን ግን በሽታው ራሱ ይደብቀዋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው መናገር ሲበቃ፣ ለሁለተኛው ሳይጠሩ ሄዶ መመርመር ያስፈልጋል።