የወፍ አደን ውሻ ለማሠልጠን ወደ ማኅበር ስለ መግባት

ውሻ በኢትዮጵያ ገጠር ከሁሉ አስቀድሞ የደጅ ዘበኛና የመንጋ ጠባቂ ነው። በእንግሊዝና በአሜሪካ ግን ከዚህ የተለየ ሥራ የተመደበለት ወገን አለ፤ ይኸውም የወፍ አደን ውሻ የሚባለው ነው። ፖይንተርና ሴተር የሚባሉት ዘሮች በሣር ውስጥ የተደበቀውን ወፍ በማሽተት ካገኙ በኋላ፣ ሳይነኩት ቀጥ ብለው በመቆም ለአዳኙ ያመለክታሉ። ሪትሪቨር የሚባለው ደግሞ ተተኩሶበት የወደቀውን ወፍ ከሣርም ሆነ ከውሃ ፈልጎ፣ በጥርሱ ሳይጎዳ፣ ለጌታው እጅ ያስረክባል።

ይህ ሥራ የባለጸጎች ጨዋታ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ጥይት ያቈሰላት ዳክዬ ሸምበቆ ውስጥ ገብታ ከተሰወረች የሰው ዓይን ሊያገኛት አይችልም። ለማንም ሳትጠቅም በሥቃይ ትሞታለች፤ አዳኙም በምትኳ ሌላ ይገድላል። የሠለጠነ ውሻ ባለበት ግን የወደቀው ወፍ አብዛኛውን ጊዜ ይገኛል። በ1969 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የሰሜን አሜሪካ ሁለገብ አዳኝ ውሾች ማኅበር ከዓላማዎቹ አንዱን የዱር እንስሳትን ሀብት መጠበቅ ያደረገው ከዚህ የተነሣ ነው።

የእነዚህ ውሾች ሥልጠና ረዘም ያለ ታሪክ አለው። የላብራዶር ሪትሪቨር አያቶች ከኒውፋውንድላንድ ወደ እንግሊዝ የመጡ የዓሣ አጥማጆች ውሾች ነበሩ። ወርቃማው ሪትሪቨርም በስኮትላንድ፣ ሎርድ ትዊድማውዝ በተባሉት መኰንን ርስት ላይ፣ በ1868 ከተጀመረው እርባታ የተገኘ ነው። የአደን ውሾች የመስክ ውድድር በእንግሊዝ አገር በ1865፣ በአሜሪካ ደግሞ በ1874 በሜምፊስ ከተማ አጠገብ ተደረገ። በዛሬው ጊዜ በአሜሪካ በየአውራጃው የሚገኙት የሥልጠና ማኅበራት የዚህ ልማድ ወራሾች ናቸው።

አንድ ሰው ቡችላውን በግቢው ውስጥ ብቻውን ሊያሠለጥን አይችልምን? መቀመጥን፣ በጥሪ መምጣትንና ከጌታው ጐን መሄድን ያለ ጥርጥር ሊያስተምረው ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሪትሪቨር ከሁሉ በፊት ሊማረው የሚገባው ወፉ የወደቀበትን ስፍራ በዓይኑ ለይቶ ማስታወስ ነው። ባለቤቱ በሸራ የተሰፋውን ጥቅል ራሱ ከወረወረለት ግን ውሻው የጌታውን እጅ መመልከት ይለምዳል እንጂ ርቆ ያለውን መስክ መመልከት አይማርም። ስለዚህ ሌላ ሰው ከስድሳ እስከ መቶ እርምጃ ርቆ መቆም፣ ድምፅ ማሰማት፣ ጥቅሉን ወደ ላይ መወርወር አለበት። ሁለት ወፍ በተከታታይ የሚወድቅበትን ትምህርት ለማስተማር ደግሞ ሁለት ወርዋሪ ያስፈልጋል። በዚህ ላይ ሰፊ መስክ፣ ኩሬና ለማሠልጠኛ የሚሆኑ ርግቦችና ድርጭቶች ሲጨመሩ ነገሩ ከአንድ ሰው አቅም በላይ ይሆናል። ማኅበሩ እንግዲህ ከደቦ የተለየ ነገር አይደለም፤ ዛሬ ለሌላው ውሻ ሲወረውር የዋለ አባል ተራው ሲደርስ ሌሎቹ ለእርሱ ውሻ ይወረውሩለታል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያሻው ቡችላውን ከጠመንጃ ድምፅ ጋራ ማስተዋወቅ ነው። ብዙ መልካም ውሾች በአንድ ቀን የሚበላሹት በዚህ ምክንያት ነው። ያልለመደ ባለቤት ቡችላውን ሰዎች ኢላማ ወደሚተኩሱበት ስፍራ ወስዶ «ይልመድ» ብሎ ያቆመዋል፤ ቡችላው ደንግጦ ይሸሻል፤ ከዚያ ወዲያ ጠመንጃ ባየ ቍጥር ይንቀጠቀጣል። ይህን ፍርሃት ማስወገድ ወራት የሚፈጅ ሥራ ነው፤ አንዳንዴም ከቶ አይሳካም። በማኅበር ውስጥ የሚሠራበት መንገድ ግን ሌላ ነው። ቡችላው ወፍ በማሳደድ ደስታ ውስጥ ሳለ አንድ ረዳት ከሩቅ በባዶ ጥይት ሽጉጥ አንድ ጊዜ ይተኩሳል። ቡችላው ነገሬ ካላለው ርቀቱ በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀነሳል፤ ጆሮውን ቢጥል ወይም ዘወር ብሎ ቢያይ እንደ ገና ወደ ሩቁ ይመለሳሉ። ድምፁ የወፍ ምልክት እስኪሆንለት ድረስ አይቸኰልም።

በማኅበራቱ የሚደረገው ፈተና ውሻን ከውሻ ጋራ ማፎካከር ላይሆን ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው ማኅበር እስከ 16 ወር ዕድሜ ላላቸው ውሾች የሚያደርገው የተፈጥሮ ችሎታ ፈተና ፍለጋን፣ ማመልከትን፣ የወፍ ዱካ መከተልንና መዋኘትን ይመለከታል፤ ከፍተኛው ውጤት 112 ነው። የአሜሪካ የውሻ ክበብም በ1985 ለሪትሪቨር የአደን ፈተና አቋቁሞ በሦስት ደረጃ ከፍሎታል።

አባል ለመሆን የሚያስብ ሰው በመጀመሪያው ቀን ውሻውን በቤት ትቶ ቢሄድ ይሻለዋል። ነባር አባሎች የሳተን ውሻ እንዴት እንደሚያርሙ፣ ውሾቹም ወደ ሥራው ጅራታቸውን እየቈሉ ወይም እያጐነበሱ እንደሚሄዱ ቆሞ ይመልከት። በአንገት የሚታሰረው የኤሌክትሪክ ማረሚያ በአሜሪካ ብዙ ይሠራበታል፤ በዌልስ ግን ከ2010 ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነው። ለጀማሪ እጅ የሚሰጥ መሣሪያ አይደለም፤ ይህን የሚክድ ማኅበር ቢያጋጥም ሌላ መፈለግ ይበጃል። ቡችላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊኖረው ይገባል። በበጋ ሙቀት ሥልጠናው ማለዳ ተጀምሮ ፀሐይ ሳትበረታ ያበቃል። የኩሬው ውሃ አረንጓዴ ቀለም እንደ ፈሰሰበት ሆኖ ሲታይም ውሻ አይገባበትም፤ አንዳንዱ የውሃ አረንቋ ውሻን በሰዓታት ውስጥ የሚገድል መርዝ አለውና።

ለአዲስ አባል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ሥራ ጥቅል መወርወር ነው። ሥራው ዝቅ ያለ ቢመስልም፣ በመስኩ ዳር የቆመው ወርዋሪ የብዙ ውሾችን አመጣጥ ከፊት ለፊት ያያል፤ የትኛው በዓይኑ፣ የትኛው በአፍንጫው እንደሚሠራ ይለያል። ቡችላው ግን ከጠመንጃ ጋራ በወጉ እስኪተዋወቅ ድረስ ከተኩሱ መስክ ርቆ ይቆያል።