ዴልሂ–ላሆር፦ የአንድ ሰዓቱ በረራ ለምን የአንድ ቀን ጉዞ ሆነ?

ስልካችሁ ላይ ከህንዷ ኒው ዴልሂ እስከ ፓኪስታኗ ላሆር ያለውን ርቀት ፈልጉ። በአየር ቀጥታ 420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይላችኋል። ከአዲስ አበባ ጎንደር እንደማለት ነው። ለአውሮፕላን የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው።

አሁን ደግሞ ትኬት ፈልጉ። ቀጥታ በረራ የለም! የሚመጣላችሁ በዱባይ ወይም በዶሃ የሚዞር ነው። በዱባይ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ምዕራብ 2,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ 2,000 ገደማውን ወደ ምሥራቅ ትመለሳላችሁ። የቀጥታው አሥር እጥፍ ማለት ነው። አየር ላይ ብቻ ወደ ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ የትራንዚት ጥበቃው ሲጨመርበት ቀኑ አለቀ።

ምክንያቱ ምንድነው?

ሰማይም ድንበር አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 ቺካጎ ላይ የተፈረመው የአቪዬሽን ስምምነት፣ እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው ይደነግጋል።

በሚያዝያ 2025 ህንድ በምታስተዳድረው ካሽሚር፣ ፓሃልጋም ላይ ታጣቂዎች 26 ሰዎችን ገደሉ። ህንድ ፓኪስታንን ከሰሰች፣ ፓኪስታን ደግሞ የለሁበትም አለች። በቀናት ውስጥ ፓኪስታን ሰማይዋን ለህንድ አየር መንገዶች ዘጋች፤ ህንድም አጸፋውን መለሰች። ለአንድ ወር የተባለው እገዳ በየወሩ እየተራዘመ ቀጠለ። በእርግጥ ከዚያ በፊትም በሁለቱ አገሮች መካከል ቀጥታ በረራ አልነበረም። አሁን ግን ልጀምር የሚል አየር መንገዳቸው ቢኖርም መንገዱ ዝግ ነው።

ልብ በሉ፤ እገዳው የሌላ አገር አየር መንገዶችን አይመለከትም። የኤምሬትስ አውሮፕላን በፓኪስታን ላይ አልፎ ዴልሂ ማረፍ ይችላል፤ ኤር ኢንዲያ ግን አይችልም። በዚህ የተነሳ ከዴልሂ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አንዳንድ የኤር ኢንዲያ በረራዎች ነዳጅ ለመቅዳት ቪየና ላይ ለማረፍ ተገደዋል።

በመሬትስ?

በ1976 የተጀመረው ባቡርም፣ በ1999 የተጀመረው የዴልሂ–ላሆር አውቶቡስም በ2019 ቆመዋል። የአታሪ የድንበር መተላለፊያንም ህንድ በ2025 ዘግታለች።

ጉዳቱ የአየር መንገዶች ብቻ አይደለም። በ1947 ሁለቱ አገሮች ሲለያዩ ብዙ ቤተሰብ ለሁለት ተከፍሏል። ዴልሂ ያለ ሰው ላሆር ያለች አክስቱ ብታርፍ፣ ቪዛው እንኳ ቢሳካለት ለቀብር አይደርስም። ሙስሊሞች ደግሞ አስከሬን አያሳድሩም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ይቀብራሉ።

ስለዚህ ርቀት ፈልጋችሁ ስልካችሁ ኪሎ ሜትር ሲነግራችሁ፣ ያ በካርታ ላይ የተሰመረ ቀጥታ መስመር ብቻ መሆኑን አትርሱ። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ማወቅ ከፈለጋችሁ አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደሚያልፍና የት እንደሚያርፍ እዩ።